ቡዳ እንዴት ይሠራል? ከወገራ መስፍ እስከ አትላንታ ልብ ወለድ

ኢሎና አንድሩስ በሚል የብዕር ስም አብረው የሚጽፉ፣ አሜሪካ የሚኖሩ ባልና ሚስት አሉ። በ2007 «ኬት ዳንኤልስ» የተባለ ተከታታይ ልብ ወለድ ጀምረው በ2018 አሥረኛውን መጽሐፍ አወጡ። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ታሪኩ የሚሆነው አትላንታ ከተማ ነው። አስማት እንደ ማዕበል እየመጣ መብራቱን፣ መኪናውንና ስልኩን ያጠፋል፤ ማዕበሉ ሲያልፍ ሁሉም እንደገና ይሠራል። ደም የጠማቸው ሙታን በየጣሪያው ይዘላሉ። ሰው ወደ አውሬ ይለወጣል፤ የሚለወጡትም በሰባት ጎሳ ተከፍለው በአንድ አለቃ ሥር ይኖራሉ። ከሰባቱ አንዱ የጅቦች ጎሳ ነው። የጎሳው ስም «ቡዳ» ነው፤ የእኛው ቡዳ፣ ከነአጠራሩ።

ይህን ሳነብ መጀመሪያ ደስ አለኝ፣ ቀጥሎ ከፋኝ። ደስታው ግልጽ ነው፤ ከወገራና ከስሜን ደጋ የወጣ ታሪክ ውቅያኖስ ተሻግሮ በሺህ የሚቆጠሩ አንባቢዎች የሚወዷቸውን ገጸ ባሕርያት ሰጥቷል። ለምን እንደከፋኝ ለመናገር ግን ነገሩ እዚህ አገር እንዴት እንደሚሠራ ከጓዳችን ጀምሮ ማየት ያስፈልጋል።

እዚያው ደጋ፣ ዳባት ወይም ደባርቅ፣ አንድ ቤት ግቡ። ሊጡ ተከድኗል፣ ወተቱ ተከድኗል፣ ገበታው ከቀረበ በኋላ በሩ ገርበብ ብሏል። ሲበላ ድንገት የገባ ሰው ካለ ጉርሻ ሳይቀምስ አይቀመጥም። ይህ እንግዳ ማክበር ነው፤ በዚያው ላይ ደግሞ ዓይኑ ምግቡ ላይ እንዳይቀር ነው። የሕፃኑ አንገት ላይ በቆዳ የተሰፋ ክታብ ተንጠልጥሏል። ፀጉሩ ቁንጮ ብቻ ቀርቶለት ተላጭቷል። መልኩ ያማረ ልጅ ከሆነ እናቱ ገበያ ስትወጣ ፊቱን ሳታጥበው፣ በነጠላዋ ሸፍናው ትሄዳለች። «እንዴት ያምራል!» ያለ ሰው ካለ «እንትፍ እንትፍ በል» ይባላል። ጓሮ ጤና አዳም አለ፤ ማሰሮ ውስጥ ፌጦ አለ፤ ነጭ ሽንኩርት የሌለበት ቤትማ የለም። ፌጦና ነጭ ሽንኩርት አብረው ይወቀጡና በሽታቸው ቡዳን ያባርራሉ ይባላል። በነገራችን ላይ የባልካን ገበሬም ደም መጣጩን ሙት የሚያባርረው በነጭ ሽንኩርት ነበር። ሁለቱ ሕዝቦች ሳይተዋወቁ አንድ ሽታ ላይ መድረሳቸው ይገርመኛል።

ይህ መከላከያው ነው። መከላከያው ካልሠራስ? ልጁ ማታ ደህና ተኝቶ ሌሊት ትኩሳት ይይዘዋል። ንጋት ላይ ዓይኑ ይፈጣል፣ ጥርሱን ይነክሳል፣ ትርጉም የሌለው ነገር ይናገራል። «ቡዳ በላው» ይባላል። አዋቂ ይጠራል። አዋቂው የተወቀጠውን መድኃኒት በአፍንጫው ያስገባል፣ ወይም ፍም ላይ አድርጎ ያጥነዋል፤ በሽተኛው በጭሱ ታፍኖ ይንፈራገጣል። ከዚያ ጥያቄው ይመጣል፤ «ማነህ? ከየት አገኘኸው? ምን ሲበላ አየኸው?» ይህ ጥያቄ ለበሽተኛው አይደለም፤ በሽተኛው ውስጥ ላለው ቡዳ ነው። መልሱም የሚመጣው በቡዳው ስም ነው። ይለፈልፋል ማለት ይህ ነው፤ «እኔ እከሌ ነኝ፤ ወንዝ ዳር ዳቦ ሲበላ አየሁት።» ስም ከተጠራ ዘመዶች ወደዚያ ሰው ቤት ይሄዳሉ። ምራቁን እንትፍ እንዲልበት ያስገድዱታል፣ ወይም ከልብሱ ጨርቅ ቀደው ወስደው በሽተኛውን ያጥኑበታል።

አሁን ይህን አሠራር ቆም ብላችሁ ተመልከቱት። የተጠራው ሰው ቢክድ «ቡዳ መቼ አምኖ ያውቃል?» ይባላል። ምራቁን ሰጥቶ ልጁ ቢድን ማስረጃ ነው። ልጁ ባይድን ዘግይተን ደረስን፣ ወይም ቡዳው ብርቱ ነው ይባላል። ሰውየው ከቀዬው ቢሸሽ አመነ ማለት ነው፤ ቢቀመጥ ደግሞ ደፋር ነው። ንጹሕነቱን ሊያሳይበት የሚችል አንድም በር የለም። እኔ ስለ ቡዳ ካነበብሁትና ከሰማሁት ሁሉ፣ ከጅቡም ከመቃብሩም በላይ የሚያስፈራኝ ይህ ነው።

ሌሊቱስ? ሌሊቱ ከደም መጣጭ ልብ ወለድ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ነው። በአማራው ዘንድ ያለውን የቡዳ እምነት ያጠናው አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ተመራማሪ ሮናልድ ሬሚኒክ በ1974 ባሳተመው ጽሑፍ እንዳስቀመጠው፣ ቡዳ የበላው ሰው ሞቶ ሲቀበር ታሪኩ አያበቃም። ቡዳው ሌሊት መቃብሩን ቆፍሮ ሬሳውን ያወጣል፣ ያስነሣዋል፣ አሽከር አድርጎ ቤቱ ያሠራዋል። ሙቱ ይሠራል እንጂ አይናገርም፣ ፈቃድም የለውም። እንግዳ ሲመጣ ቡዳው በአርጩሜ ይመታውና የቤት ዕቃ ያደርገዋል፤ ማድጋ ሆኖ ጥግ ይቀመጣል። እንግዳው ሲሄድ እንደገና ተመትቶ ይነሣል።

«ኬት ዳንኤልስ» ውስጥ ያሉት ደም ጠጪዎች ከዚህ ጋር በሚያስደንቅ ሁኔታ ይቀራረባሉ። ከአውሮፓ ልብ ወለድ የምናውቀው ካባ የለበሰ፣ ጨዋ፣ ሴት የሚያማልል መስፍን አይደሉም። በበሽታ አእምሯቸው የጠፋ፣ ረሃብ ብቻ የቀራቸው ሬሳዎች ናቸው። ከሩቅ የተቀመጠ ጌታ አእምሯቸው ውስጥ ገብቶ ይነዳቸዋል፤ በዓይናቸው ያያል፣ በአፋቸው ይናገራል። ደራሲዎቹ ይህን ከእኛ ወሰዱት አልልም፤ ስለዚያ ማስረጃ የለኝም። ሙትን የሚያሠራ ጌታ ግን ወገራም ውስጥ ነበር፣ አትላንታም ገባ።

ጅብነቱ ደግሞ እንዲህ ነው። ቡዳው ሲመሽ ዐመድ ላይ ይንከባለላል፣ ጅብ ሆኖ ይወጣል፣ ሲነጋ ተመልሶ ሰው ይሆናል። በ1800ዎቹ መጀመሪያ ትግራይ ውስጥ የኖረው እንግሊዛዊ ናትናኤል ፒርስ በ1831 በታተመ ማስታወሻው፣ ቡዳዎች የሚያደርጉትን የመሰለ ሎቲ ጆሮው ላይ ያለበት ጅብ እንደተገኘ ይናገራል። እዚያው መጽሐፍ ውስጥ ስለ ጓደኛው ስለ ዊልያም ኮፊን የተጻፈ አንድ ታሪክ አለ። የኮፊን አሽከር ገና ቀን ሳለ ፈቃድ ጠይቆ ይወጣል። ወዲያው ሌሎቹ አሽከሮች «እዩት፣ እዩት፣ ጅብ ሊሆን ነው!» ይላሉ። ኮፊን ዞር ሲል ሜዳው ገላጣ ነው፣ ቁጥቋጦም ዛፍም የለበትም፤ ልጁ የለም፣ አንድ ትልቅ ጅብ ግን እየሮጠ ይርቃል። በማግስቱ ልጁ ተመልሶ ሥራውን ይጀምራል። ሲያሾፉበትም አልካደም።

እንግዲህ ዋናው ጥያቄ ይህ ነው፤ ማን ነው ቡዳ የሚባለው? ያገኙት ሰው ሁሉ አይደለም። በወገራ፣ በስሜንና በደንብያ ጣት የሚቀሰረው ብረት ቀጥቅጦ በሚያድረው ባለ እጅ፣ ሸክላ በምትሠራው ሚስቱ፣ በብዙ ቦታም የአይሁድ እምነት በሚከተሉት በቤተ እስራኤል ላይ ነበር። ክርስቲያን ባለ እጆችም አላመለጡም።

የባለ እጁን ቤት ቀረብ ብለን እንየው። መሬቱ ላይ የተቆፈረ ትንሽ ምድጃ አለ፣ ከሰል ሞልቶበታል። አጠገቡ ሁለት የፍየል ቆዳ ወናፎች አሉ፤ አንድ ሰው፣ ብዙ ጊዜ ልጁ፣ በሁለት እጁ አንዱን ሲከፍት ሌላውን እየጫነ ያናፋል፤ አየሩ በሸክላ አፍ በኩል ፍሙ ውስጥ ይገባል። ገበሬው ያመጣው ማረሻ ነው፤ የስሜን መሬት ድንጋያማ ስለሆነ ጫፉ ዶልዱሟል። ብረቱ መጀመሪያ ይጠቁራል፣ ይቀላል፣ ከዚያ እንደ ብርቱካን ይሆናል። በዚህ ጊዜ ባለ እጁ በጉጠት ይዞ መስፉ ላይ ያስቀምጠዋል። መዶሻው ሲያርፍ ቅርፊቱ ይረግፋል፣ ጫፉ ይሾላል። ብረቱ ሲቀዘቅዝ የመዶሻው ድምፅ ይለወጣል፤ ያኔ እንደገና እሳት ይገባል። በመጨረሻ ውኃ ውስጥ ይነከራል፣ ጭሱ ይነሣል። ገበሬው የሚከፍለው ብዙውን ጊዜ ገብስ ነበር።

ያለዚህ ቤት አንድም ማሳ አይታረስም። ማጭዱ፣ ምሳሩ፣ ቢላዋው የእርሱ ነው። ምጣዱ፣ ድስቱ፣ ጀበናውና እንስራው የሚስቱ ነው። እንጀራው የሚጋገርበት ምጣድ ቡዳ ነች ከምትባለው ሴት እጅ የወጣ ነው፤ ግን እርሷ ባለችበት እንጀራው አይቆረስም።

ይህ እንዴት ሆነ? መልሱ ከመሬት ይጀምራል። ዐፄ ይስሐቅ (ከ1414 እስከ 1429 የነገሡት) ወገራ ላይ ቤተ እስራኤልን ድል ካደረጉ በኋላ፣ የተጠመቀ የአባቱን ርስት ይውረስ፣ ያልተጠመቀ ርስት አልባ ይሁን ብለው እንደወሰኑ ታሪክ ጸሐፊዎቻችን ያወሳሉ። ስሜን ተራራ ላይ ግን የቤተ እስራኤል አለቆች ከዚያም በኋላ ሁለት መቶ ዓመት ያህል ታግለዋል። ዐፄ ሠርፀ ድንግል አምባቸው ድረስ ዘመቱባቸው፤ በ1620ዎቹ ዐፄ ሱስንዮስ የመጨረሻውን መሪያቸውን ጌዴዎንን አሸነፉ፣ ነጻ ግዛታቸውም አበቃ። ርስት የሌለው ሰው ወይ ጭሰኛ ይሆናል ወይ በእጁ ሥራ ያድራል። ጎንደር በ1636 ስትቆረቆር ግንበኛው፣ አናጢውና ብረት ሠሪው ከእነርሱም መካከል ነበረ። ቤተ መንግሥቱ ሠራተኛ ይፈልግ ስለነበር አንዳንዶቹ ማዕረግም አግኝተዋል። ከተማዋ ስትዳከምና ዘመነ መሳፍንት ሲመጣ ግን ባለ እጁ ከነሙያው ገጠር ቀረ፣ ከነሙያው ተናቀ።

መራራቁ ከሁለቱም ወገን እንደነበር መካድ አይገባም። ቤተ እስራኤልም በንጽሕና ሕጋቸው ክርስቲያን ከነካቸው ይታጠቡ ነበር፤ ሥጋ አብረው አይበሉም፣ አይጋቡም። ነገር ግን መሬቱ፣ ዳኝነቱና ጦሩ በአንድ ወገን ነበር። ባለ እጁ በእጁ ካለ ሙያ በቀር የራሱ ማሳ የሌለው፣ ከጎረቤቱ ጋር ገበታ የማይቀርብ፣ እሳትን የሚያዝዝ፣ ቅዳሜ ሥራ አቁሞ ለብቻው የሚጸልይ፣ ሌሊት ምድጃው የሚታይ ሰው ነበር። ገበሬው ይህን ሰው በየክረምቱ መግቢያ ይፈልገዋል፤ አጥብቆ የሚፈልገውን ሰው ደግሞ ዘመድ ሊያደርገው አይፈቅድም። የቡዳ ታሪክ ይህን ክፍተት ይሞላል። «ለምን አትጋባውም?» ላለው ሁሉ መልስ ነው። «ለምን ርስት አይሰጠውም?» ላለውም እንዲሁ።

ጅብስ ለምን ተመረጠ? ጥፋቱ የእንስሳው አይደለም። ዥንጉርጉሩ ጅብ በደጋውም በቆላውም ከሰው ተለይቶ ኖሮ አያውቅም። አጥንት ይሰብራል፣ ይፈጫል፣ ካልሲየሙ ስለሚቀር ኩሱ ነጭ ነው። ይስቃል፣ ሳቁም የሰው ሳቅ ይመስላል። መንጋው በሴቶች ይመራል፤ ሴቷ ከወንዱ ትገዝፋለች፣ የብልቷ ቅርጽ የወንድ ስለሚመስል ብዙ ሰው ጅብ ሁለት ፆታ አለው ብሎ ያምናል። ጥልቅ ያልተቆፈረ መቃብር ካገኘ ይቆፍራል። በክፉ ቀን፣ ከ1888 እስከ 1892 ከብቱ በደስታ በሽታ አልቆ ሕዝቡ በራበው ዘመን፣ ጅብ መንገድ ላይ የወደቁትን ሙታን ብቻ ሳይሆን የደከሙትንም ይበላ ነበር። የተቀበረውን ዘመዱን ጠዋት ሄዶ ጉድጓዱን ባዶ ያገኘ ሰው «ማን አወጣው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ጅብ ነው ቢሉት «የማን ጅብ?» ይላል።

አውሮፓም በዚህ መንገድ አልፋለች። በ1725 ሰርቢያ ውስጥ ኪሲሌቮ በምትባል መንደር የሞተ አንድ ገበሬ ሌሊት እየመጣ ሰው ያንቃል ተብሎ በኦስትሪያ ሹም ፊት መቃብሩ ተከፈተ። አፉ ላይ ትኩስ የሚመስል ደም አዩ፣ በእንጨት ወጉት። አሜሪካዊው ጸሐፊ ፖል ባርበር በ1988 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳብራራው ያ ደም ከሰው የተጠጣ አይደለም፤ ሬሳ ሲበሰብስ በጋዝ ይነፋል፣ ከሳንባ የሚወጣው ፈሳሽ በአፍና በአፍንጫ ይገፋል፣ ቆዳው ስለሚሸሽም ጥፍሩ ያደገ ይመስላል። ያዩት ነገር እውነት ነበር፣ ያዩበት ምክንያት ግን ሌላ ነው። ንግሥት ማርያ ቴሬዛ በ1755 ሐኪሟን ጌራርድ ቫን ስዊቴንን አስመርምራ ሬሳ ማውጣትና ማቃጠልን በአዋጅ ከለከለች።

የእኛው ጅብ ደግሞ ቀን መቁጠሪያ ያውቃል። ይህን እንዲሁ አልተናገርሁትም። ጊደይ ይርጋና የሥራ ባልደረቦቹ በ2012 ባሳተሙት ጥናት በትግራይ ከዐቢይ ጾም በፊት፣ በጾሙ ጊዜና ከፋሲካ በኋላ የጅብ ኩስ እየሰበሰቡ በውስጡ ያለውን ፀጉር መረመሩ። በጾሙ ጊዜ የአህያ ፀጉር በረከተ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ሰው ከብት ሲያርድ ጅብ ጭንቅላቱን፣ አንጀቱንና አጥንቱን ከጉድፍ ያነሣል፤ ሰው ሲጾም ጉድፉ ባዶ ነው፣ ጅብ ወደ አህያ ይዞራል። ፋሲካ ሲደርስ ይመለሳል። ሁለት ወር ያህል አህያውን በረት ውስጥ የሚያስገባ የዳባት ገበሬ ይህን ያለ ጥናትም ያውቀዋል። ከእርሱ ጋር አብሮ የሚጾምና የሚፈስክ የሚመስል አውሬ ከመንደር የመጣ ነው ብሎ ቢያስብ አልፈርድበትም።

ወደ አትላንታ እንመለስ። የቡዳ ታሪክ ከአገራችን ውጭ በመጽሐፍ ተጓዘ። ከፒርስ በኋላ ማንስፊልድ ፓርኪንስ የሚባል ሌላ እንግሊዛዊ በ1840ዎቹ አገራችን ውስጥ ኖሮ በ1853 ባሳተመው መጽሐፉ ስለ ቡዳ በሰፊው ጻፈ። በ1865 ሳቢን ባሪንግ ጉልድ የሚባል ቄስ ተኩላ ስለሚሆኑ ሰዎች መጽሐፍ ሲያዘጋጅ የኮፊንን አሽከር ታሪክ አስገባው። ከዚያ ወዲህ ወደ አውሬ ስለሚለወጡ ሰዎች የሚጽፍ ብዙ ሰው ያንን መጽሐፍ ያገላብጣል፤ ቡዳም አብሮ ይገላበጣል።

ተከታታይ ልብ ወለድ ይህን ዓይነት ነገር ለምን ይፈልጋል? ሕግ ስለሚፈልግ ነው። የመጀመሪያው መጽሐፍ ላይ ደም ጠጪው ምን እንደሚፈራ፣ ተለዋጩ መቼ ራሱን እንደሚስት ደራሲው ከደነገገ፣ አሥረኛው ላይ ሊሽረው አይችልም፤ አንባቢው ያስታውሳል። ለዚህ ነው የዘገዩ ቅጾች ከፊተኞቹ ይልቅ ከባድ የሚሆኑት። ፀሐይ ደም ጠጪን ትገድላለች የሚለው እንኳ ያረጀ ሕግ አይደለም፤ በ1897 የታተመው የብራም ስቶከር ድራኩላ ቀን ይወጣ ነበር፤ ፀሐይ የምትገድለው በ1922 በጀርመን ከተሠራው ኖስፌራቱ ፊልም ወዲህ ነው። አዲስ ሕግ መፍጠር ያስቸግራል፤ አሮጌ እምነት ግን በብዙ ትውልድ አፍ ተፈትኖ፣ ክፍተቱ ተደፍኖ የመጣ ሕግ አለው። ኢሎና አንድሩስ ይህን አውቀውበታል። የቡዳ ጎሳቸው በሴት ይመራል፤ አለቃዋ አክስት ቢ ትባላለች። ይስቃሉ፣ ይቀልዳሉ፣ ለወዳጅ ይሞታሉ። ከእውነተኛው ጅብ ባሕርይ የወሰዱት በጥንቃቄ ነው፤ ይህን አደንቃለሁ።

ከገጸ ባሕርያቱ አንድሪያ ናሽ የምትባለውን በተለይ እወዳታለሁ፤ በ2012 የራሷ መጽሐፍ ወጥቶላታል። አባቷ ሰው የሆነ ጅብ ነበር እንጂ ጅብ የሆነ ሰው አልነበረም። በዚህ ምክንያት በልጅነቷ ቡዳዎቹ ራሳቸው እርሷንና እናቷን ይደበድቧቸው ነበር። አድጋ የትውልዷን ነገር ደብቃ ትኖራለች፤ ቢታወቅ ሥራዋን ታጣለች። የትውልድ ጥላቻ ምን እንደሚያደርግ ደራሲዎቹ በሚገባ ገብቷቸዋል ማለት ነው።

የከፋኝ እዚህ ላይ ነው። ጅቡ አትላንታ ሲገባ መስፉ ወገራ ቀርቷል። ከአሥሩ መጽሐፍ አንባቢ ስንቱ ነው ቡዳ ብሎ ሲያነብ ማረሻ የሚያሾል ሰው የሚታየው? የጎሳው ስም የመጣው ከአውሬ ስም አይደለም፤ ሰዎች ስሙ ከተለጠፈባቸው በኋላ ተደብድበዋል፣ ቤታቸው ተቃጥሏል፣ ተገድለዋል። በልብ ወለዱ ቡዳ መሆን ኃይል ነው፣ ጎሳ አለህ፣ አለቃ አለችህ፣ የሚነካህን ትነክሳለህ። ወገራ ውስጥ ቡዳ የተባለ ሰው ከነዚህ አንዱም አልነበረውም።

የእነዚያን ሰዎች ድምፅ ለመስማት ሌላ መጽሐፍ አለ። እስራኤላዊቷ ተመራማሪ ሐጋር ሰላሞን በ1999 «የጅብ ሕዝቦች» የሚል ርእስ ያለው መጽሐፍ አሳትማለች። በ1984 እና 85 በሱዳን በኩል በተደረገው ጉዞ፣ በግንቦት 1991 ደግሞ በሰዓታት ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ሰው ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን በተወሰደበት ዘመቻ እስራኤል የገቡትን ቤተ እስራኤል ስለ አሮጌው ኑሯቸው ጠይቃለች። ስለ ክርስቲያን ጎረቤቶቻቸው በናፍቆትም በምሬትም ይናገራሉ። ያበጁላቸውን ማረሻ፣ አብረው ያለቀሱበትን ለቅሶ ያስታውሳሉ፤ ጅብ የተባሉበትንም ያስታውሳሉ። ዛሬ ከጎንደር ወደ ደባርቅ የሚሄድ ሰው ገና ከከተማው እንደወጣ ወለቃን ያገኛል፤ መንገድ ዳር የሸክላ ምስሎች ተደርድረው ይሸጣሉ። ባለቤቶቹ አብዛኞቹ ሄደዋል፣ ሙያው ግን አልሄደም።

ስሙም አልሄደም። አሁንም ባለ እጅ ቤተሰብ የተወለደች ልጅ ስታገባ ዘር የሚቆጥር አለ። አሁንም ልጅ ሲለፈልፍ መጀመሪያ የሚጠራው አዋቂው የሆነበት ቤት አለ።

የዚህ ዋጋ የሚከፈለው በልጁ ነው። ድንገተኛ ትኩሳት፣ መንፈራገጥ፣ መለፍለፍ፣ ዓይን መፍጠጥ፤ ጎጆው ውስጥ ቡዳ የሚያሰኙት ምልክቶች ሐኪም ዘንድ ሲደርሱ ማጅራት ገትርን፣ የአንጎል ወባን ወይም የሚጥል በሽታን ያስጠረጥራሉ። ማጅራት ገትር ላይ የሰዓታት መዘግየት ሕይወት ያስከፍላል። ዳባት ላይ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከ1996 ጀምሮ የሚያካሂደው የጤናና የሕዝብ ክትትል አለ፤ መረጃ ሰብሳቢዎች ቤት ለቤት እየዞሩ ልደትና ሞት ይመዘግባሉ። ሰው ሲሞት ለቤተሰቡ የሚቀርበው ጥያቄ «ማን በላው?» አይደለም። ትኩሳቱ ስንት ቀን ቆየ? ያስል ነበር? አንገቱ ተገትሮ ነበር? ተንፈራግጦ ነበር? የት ታከመ? ይባላል። መልሱን ሐኪሞች አንብበው የሞቱን ምክንያት ይወስናሉ።

ስለዚህ ልጅ ሌሊት ትኩሳት ይዞት ቢለፈልፍ፣ አንገቱን ማጠፍ ቢያቅተው ወይም ቢንፈራገጥ፣ ፌጦውን መውቀጥ ሳትጀምሩ በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ሲንፈራገጥ አፉ ውስጥ ምንም አታስገቡ፣ ጭስም አታጥኑት፤ በጎኑ አስተኝታችሁ አንገቱ ላይ የጠበቀውን ልብስ ፍቱለት። ክታቡን አብሮ ይዞት ይሂድ፤ ጠበሉንም ከተመለሰ በኋላ ይጠመቀዋል። የጎረቤት ስም አስጠርታችሁ ወደ ባለ እጁ ቤት የምትሮጡበትን ሰዓት ግን ለልጁ ስጡት።